ሆራ በሰው አገር

እናቴ ጎንበስ ብላ ሦስት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ሆራ ነው» አለች። «ቁርጥ የአብያታ ውሃ። ይኸው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።»

የቆምነው ከአብያታ ግማሽ ዓለም ርቀን፣ በምሥራቅ ካሊፎርኒያ፣ ሞኖ በሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ፍልሰታ ሊገባ አራት ቀን የቀረው ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም። ከምንኖርበት ከዳብሊን የተነሳነው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። እማዬ መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ ስትመለከት ቆይታ፣ የዕለቱን የመጀመሪያ ፍርድ የሰጠችው ጣቷን ውሃ ነክራ ነው። ልክ ነበረች።

እማዬ በወጣትነቷ፣ ከ1967 እስከ 1974 ዓ.ም.፣ ቡልቡላ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚወርደው ወንዝ ስሙ ቡልቡላ ነው፤ ከተማዋም የወንዙን ስም ይዛለች። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ሐይቁ ትወርድ እንደነበር ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለ አብያታ በተነሳ ቁጥር የምትለው አንድ ነገር አላት፤ «ውሃው ነጠላ፣ ፍላሚንጎው ጥለት።» ወፎቹ ዳር ዳሩን ተሰልፈው ሲቆሙ ከሩቅ የሚታየው አንድ ረጅም ሮዝ መስመር ነበር ትላለች። እኔ ግን አብያታን የማውቀው ወደ ሐዋሳ ስሄድ በመኪና መስኮት ነው። አንድም ቀን ወርጄ አላየሁትም።

ወደ እኔ የመጣችው በግንቦት ነው። ከአገር ቤት ለሚመጣ እናት ዳብሊን ይከብዳል። ቤቱ ያምራል፣ መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ደጅ ላይ ግን ሰው የለም። ልጅ ሥራ ይሄዳል፣ እናት መስኮት ላይ ትቀራለች። እሑድ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዴ ሳን ሆዜ ዘመድ ጥየቃ፣ ሌላው ቀን ሁሉ መስኮት። አንድ ቀን በደምባርተን ድልድይ ስናልፍ የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የያዙትን የጨው ኩሬዎች አየች። የአንዳንዱ ውሃ እንደ ቀይ ሥር ነው፤ ቀለሙን የሚሰጡት ጨው የሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

«እዚህ ፍላሚንጎ የለም?» አለችኝ።

«የለም።»

«እንዲህ ያለ ውሃ ላይማ ወፍ አይጠፋም።»

እውነትም አይጠፋም። እኔ ነኝ በዚያ ድልድይ ስመላለስ አይቼ የማላውቀው። ከኩሬዎቹ ወፎች መካከል አንዳንዶቹ የሚታወቁት ከዚህ ይልቅ በተራራው ማዶ ባለ አንድ ጨዋማ ሐይቅ መሆኑን ያወቅሁት ለእሷ መልስ ስፈልግ ነው። ጉዞው የመጣው ከዚህ ነው።

በ580 አውራ ጎዳና አልታሞንትን ስንወጣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ቀይ መብራት ብቻ ነበር የሚታየው። ትሬሲን፣ ማንቲካን አለፍን፤ ኦክዴል ስንደርስ ጎህ ቀደደ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው። ዮሰሚቲ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆመን፣ እማዬ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ዳቦ ቆሎ በላን። ስለ ዮሰሚቲ ብዙ ተጽፏልና እኔ አልጨምርም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ግራ ወደ ሔች ሔቺ የሚገነጠል መንገድ አለ። ያ ሸለቆ የሚገኘው በዚሁ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በተጠናቀቀ ግድብ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ሳን ፍራንሲስኮ የሚጠጣው ከዚያ ነው። የእኛም የዳብሊን ውሃ እንዲሁ ከሩቅ ነው። አብዛኛው ውሃችን ከሴራ ኔቫዳ በረዶ ቀልጦ፣ በሳክራሜንቶ ደልታ አልፎ፣ በቦይ የሚመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልልቆቹ ከተሞች የሚጠጡት ከሌላ ሰው ተራራ ነው። ይህን ልብ ካላልን የሞኖን ታሪክ የክፉዎችና የደጎች ታሪክ አድርገን እንሰማዋለን፤ አይደለም።

ትዮጋ የሚባለው በር 3,031 ሜትር ላይ ነው። እማዬ ጆሮዋን ይዛ «ጣርማ በር ደረስን» አለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለትም ልክ ወደ ደብረ ሲና እንደ መውረድ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ጥዱ ይሳሳል፣ ገደሉ ይከፈትና ከታች፣ ሜዳው ላይ፣ ሰማያዊ ነገር ተዘርግቶ ይታያል። አሜሪካኖቹ ደጋ ላይ ያለ ሐይቅ ይሉታል፤ 1,945 ሜትር ነው። ለእኛ ከባሕር ዳር ከፍ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ዝቅ ያለ ወይና ደጋ ነው። ነገር ግን ወይና ደጋ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው አረንጓዴ እዚህ የለም። በአንድ በኩል በረዶ ያልለቀቀው ተራራ፣ በሌላው በኩል ግራጫ ቁጥቋጦ ብቻ የሚያበቅል ደረቅ ምድር። አጠገቡ ያለችው ከተማ ሊ ቫይኒንግ ናት፤ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት አንድ መንገድ። ሐይቁ ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በዚያ ጠዋት አንድ ጀልባ እንኳ አልነበረበትም።

ሞኖ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ከተራራው ወንዞች ይገቡበታል፤ የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። ውሃው ወደ ሰማይ ሲሄድ የተሸከመው ጨውና ሶዳ እዚያው ይቀራል። ይህ ቢያንስ ለ760,000 ዓመታት ሲጠራቀም ኖሯል። ስለዚህ ከውቅያኖስ በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይጨውማል፤ ከመጨወሙም በላይ ሶዳማ ነው፤ እማዬ «ሳሙና» ያለችው እሱን ነው። አብያታና ጎረቤቱ ሻላም የተሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ዓሣ አይኖርበትም። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እዚህ መጥቶ አይቶት ሕይወት የሌለው፣ ጭር ያለ ስፍራ አድርጎ ጽፎለታል። ትልቅ ጸሐፊ ነው፤ ስለዚህ ሐይቅ ግን ተሳስቷል።

ወደ ደቡባዊው ዳርቻ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ሐይቁ በየዘመኑ የት ድረስ እንደነበረ የሚያሳዩ ምልክቶች ተተክለዋል። የመጀመሪያው ጋ ስንደርስ ውሃው ገና ሩቅ ነው። እማዬ ምን እንደሚል አስነበበችኝ፤ ስነግራት ምልክቱን በእጇ ነካ አድርጋ፣ ቀና ብላ ውሃውን በዓይኗ ለካችው። ከዚያ ወዲህ በየምልክቱ ትቆም ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ስትሄድ እንደምታደርገው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

ከዚያ ዐምዶቹ መጡ። ቱፋ ይባላሉ። ሸካራ፣ ነጣ ያሉ፣ ሰው የሚያህሉና ከሰው በሁለትና በሦስት እጥፍ የሚበልጡ የድንጋይ ማማዎች ናቸው። «ኩይሳ!» አለች እማዬ፤ ከዚህ የተሻለ ስም አልሰማሁም። ምስጥ ግን አልሠራቸውም። ከሐይቁ ወለል ሥር ካልሲየም የያዘ ንጹሕ ምንጭ ይፈልቃል፤ ከሶዳው ውሃ ጋር ሲገናኝ እዚያው ወደ ኖራ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ምንጩ በፈለቀ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ላይ ያድጋል። ይህ የሚሆነው ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። እንግዲህ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የምናየው እያንዳንዱ ኩይሳ አንድ ጊዜ ራሱ ድረስ ጠልቆ ነበር። ቱሪስቱ አጠገባቸው ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ እኔም ተነስቻለሁ፤ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን የሐይቁ አጥንት ናቸው፤ ሥጋው ስለሸሸ የወጣ አጥንት።

ውሃው ጫፍ ስንደርስ መሬቱ ጥቁር ምንጣፍ የለበሰ መስሎ ታየን። እግራችንን ስናነሳ ምንጣፉ ተነሳ። ዝንብ ነው። እማዬ በልማድ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ አንድም ግን አላረፈባትም። እነዚህ ዝንቦች ሰው አይነክሱም፣ ምግብ ላይ አያርፉም፣ ሰው ሲመጣ እንደ ማዕበል ከፈት ይሉና ሲያልፍ ተመልሰው ይገጥማሉ። ተቀምጬ አንዷን ተመለከትኳት። በድንጋዩ ጎን ቁልቁል እየተራመደች ውሃው ውስጥ ገባች። ሰመጠች ስል በዙሪያዋ የብር ቀለም ያለው ኳስ ተሠራ፤ ገላዋን የሸፈነው ጥቅጥቅ ያለ ሰም የተቀባ ጠጉር አየር ይዞላት ነው። በዚያ አየር ውስጥ ሆና፣ በጥፍሯ ድንጋዩን ቆንጥጣ፣ ከታች ያለውን አልጌ ስትግጥ ቆየች። ስትጨርስ ለቀቀችና ኳሷ ወደ ላይ አንሳፈፋት፤ ደርቃ ወጣች። አንዲት የውሃ ጠብታ አልያዘችም። ይህን ውሃ ሌላ ዓይነት ዝንብ ቢሞክረው ሶዳው ያረጥበውና እዚያው ይቀራል፤ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመውታል።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ከፓዩት ወገን የሆኑት ኩትዛዲካዎች፣ ስማቸው የመጣው ከዚህ ዝንብ ነው። ገና ክንፍ ሳያወጣ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ፣ ማዕበል ወደ ዳር ሲያመጣው ይሰበስቡታል፣ ያደርቁታል፣ ይፈትጉታል፣ ለክረምት ያኖሩታል። ለእማዬ ስነግራት እንደ እንግዳ ነገር አልቆጠረችውም። «ምድራቸው የሰጠቻቸውን ነው የበሉት» አለች።

ከዚያ የፔርሙሱን ክዳን አጥባ ከሐይቁ ቀዳችበት። በዚያች ክዳን ውስጥ አሥር የሚሆኑ ፍጥረታት ይዋኙ ነበር፤ ከጥፍሬ የማይበልጡ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ እንደ ላባ ያሉ እግሮቻቸውን ወደ ላይ አድርገው በጀርባቸው የሚዋኙ። የጨው ውሃ ሽሪምፕ ናቸው፤ ሳይንሱ በሐይቁ ስም የጠራቸው። በበጋ ቁጥራቸው ትሪሊዮኖች ይደርሳል። ዝንቡና ሽሪምፑ አልጌውን ይበላሉ፣ ወፉ እነሱን ይበላል። የሐይቁ ማዕድ ይኸው ነው፤ ሌላ ወጥ የለውም። ግን ማዕዱ ሰፊ ነው። በመጸው ወራት ጆሯም የሚባሉት ግሪቦች ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ይሰበሰቡበታል።

እኛ በሄድንበት ሰሞን ተራው የፋላሮፖች ነበር። ፋላሮፕ ከእርግብ የምታንስ፣ ቀጭን ምንቃር ያላት ወፍ ናት። ውሃ ላይ ተቀምጣ በአንድ ቦታ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች፤ ሽክርክሪቷ ከታች ያለውን ምግብ ወደ ላይ ይስበዋል፣ እሷም ትለቅማለች። በመቶ የሚቆጠሩ እንዝርቶች በአንድ ሐይቅ ላይ! እማዬ ጥጥ ፈትላ ስላደገች ይህን ለማየት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ዊልሰን የሚባለው ዝርያ ወደ ሞኖ የሚመጣው በሰሜን ተራብቶ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክብደቱን እጥፍ ያደርግና ተነስቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይበራል፤ እዚያም የሚያርፈው እንደዚሁ ባሉ የጨው ሐይቆች ላይ ነው። ከተራራ ተራራ፣ ከሆራ ሆራ። መሐል መንገድ ላይ አንዱ ሆራ ቢደርቅ ሌላ ማደሪያ በቀላሉ አያገኝም።

ሞኖ ደግሞ ሊደርቅ ነበር።

የሎስ አንጀለስ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ከ1941 ጀምሮ (ይህና ቀጥሎ ያሉት ዘመኖች የፈረንጆች ናቸው) ሞኖን ከሚቀልቡት አምስት ወንዞች አራቱን ጠልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። ከዚያ በፊት እዚያው መንገድ ላይ ያለውን የኦወንስን ሐይቅ አድርቆ ነበር፤ የዚያ ሐይቅ ወለል ለብዙ አሥርት ዓመታት በነፋስ እየተነሳ ሰውን ሲያሳምም የኖረ አቧራ ሆነ። ሞኖም እስከ 1982 ድረስ ወደ 14 ሜትር ወረደ። የያዘው ውሃ በግማሽ ቀነሰ፣ ጨዋማነቱ እጥፍ ሆነ። በሐይቁ መካከል ነጊት የምትባል ጥቁር ደሴት አለች፤ ከሐይቁ ዳር በግልጽ ትታያለች። በደህናው ዘመን ወደ 50,000 የሚጠጉ የካሊፎርኒያ ጋሎች፣ እነዚያ ነጫጭ የባሕር ወፎች፣ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ይፈለፍሉ ነበር። በ1979 ውሃው ሸሽቶ ነጊትን ከየብስ የሚያገናኝ ድልድይ ወጣ፤ የቀበሮ ዘመድ የሆነው ኮዮቴ በእግሩ ተሻገረና ጋሎቹ ጎጆአቸውን ጥለው ሸሹ።

ከዚያ በፊት በ1976 አንድ ነገር ተደርጎ ነበር። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋውን ሙሉ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለው ቆጠሩ። ወፉን ቆጠሩ፣ ሽሪምፑን ቆጠሩ፣ ጨውን ለኩ፣ ጻፉት። ከመካከላቸው ዴቪድ ጌይንስ የሚባለው ወጣት በ1978 የሞኖ ሐይቅ ኮሚቴን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተና በስላይድ ፎቶ እያሳየ ካሊፎርኒያን ዞረ። በ1979 ብሔራዊው የኦዱቦን ማኅበርና ኮሚቴው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በየካቲት 1983 ውሳኔ ተሰጠ። ውሳኔውን የጻፉት አለን ብሩሳርድ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የእኛው የአላሜዳ ካውንቲ ዳኛ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ። ዳብሊን የሚኖር ሐበሻ ይህን ስም ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የውሳኔውን ፍሬ ነገር በአማርኛ ለመናገር መድከም አያስፈልግም፤ ቃሉ አለን። አደራ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ የሕዝብ ነው፣ መንግሥት ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው፤ አንድ ጊዜ የመጠቀም ፈቃድ ሰጠሁ ብሎ እጁን ሊያጥብ አይችልም፣ አደራው ስለማያልቅ ፈቃዱን እንደገና መመርመር አለበት። ይህን ያሉት የከተማውን ጥም አቃለው አይደለም፤ ሁለቱም ይመዘኑ ነው ያሉት። እኛ አደራን የምናውቀው በሰው ነው፤ ልጅ በአደራ ይሰጣል፣ ገንዘብ በአደራ ይቀመጣል፣ አደራ በሊታ የተባለ ሰው ፊቱን የሚያሳይበት የለውም። ሐይቅም በአደራ እንደሚያዝ እኔ የሰማሁት በባዕድ ፍርድ ቤት ነው።

ከዚያም በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በ1994 የክፍለ ግዛቱ የውሃ ቦርድ ሐይቁ መድረስ ያለበትን ከፍታ ወሰነ። ሎስ አንጀለስ በበኩሏ ሕዝቧ በውሃ ጥም አላለቀም። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ያሉ የእናቶች ማኅበራት ሳይቀሩ ውሃ ቆጣቢ የመጸዳጃ ገንዳዎችን ቤት ለቤት እያደሉ አሮጌውን አስለወጡ፤ ከተማዋም ሰው እየጨመረባት የውሃ ፍጆታዋ ሳይጨምር ዓመታት አለፉ። የሞኖ ወፎች የተረፉት በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በሽንት ቤትም ነው ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ «እናቶች ከያዙትማ» አለችና ዝም አለች።

ሥራው አላለቀም። ያኔ በሃያ ዓመት ይደረስበታል የተባለው ከፍታ ላይ ሞኖ ዛሬም አልደረሰም፤ ወደ ሦስት ሜትር ይጎድለዋል፣ ጥቂት ውሃም አሁን ድረስ ይቀዳል። ጌይንስ ይህን ሁሉ ሳያይ በጥር 1988 ከሐይቁ አጠገብ፣ በበረዶ ቀን በመኪና አደጋ ሞተ። ቢሆንም ሐይቁ አለ።

ልንመለስ ስንል እማዬ ከውሃው መሐል በቆመ ኩይሳ ጫፍ ላይ የጭራሮ ክምር አየች። የዓሣ አዳኙ የኦስፕሬ ጎጆ ነው።

«ዓሣ የለበትም አላልክም?»

«የለበትም። ዓሣውን ከሌላ ሐይቅ አድኖ ይዞ ይመጣል። እዚህ ጎጆ የሚሠራው ውሃው ከአውሬ ስለሚጠብቀው ነው።»

ዘወር ብላ አየችኝ። «የሻላ ፔሊካን!» አለች።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ፔሊካኖች በሺህ ሆነው ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፣ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዓሣው ግን ለእነሱ አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት ተነስተው ጎረቤቱ አብያታ ይበሉ ነበር። እማዬ ከተማሪዎቿ ጋር ሆና ቀና ብላ ትቆጥራቸው እንደነበር አጫወተችኝ። እሷ ከቡልቡላ ከተዛወረች ከጥቂት ዓመት በኋላ አብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ፤ የሐይቁን ውሃ እየሳበ በኩሬ አስጥቶ ሶዳውን መሰብሰብ ጀመረ። ከላይ ደግሞ ዝዋይን ከሚቀልቡት ወንዞችና ከራሱ ከዝዋይ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በየዓመቱ ጨመረ፤ የገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በኋላም የአበባ እርሻው። ቡልቡላ ወንዝ ቀጠነ። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የአብያታ ስፋት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑ ወይ ዝዋይ ድረስ መብረር ወይ ደሴቱን መተው ነበረበት፤ ብዙው ተወ።

ሎስ አንጀለስ ሞኖን ስትጠጣና ሰዎች ድንኳን ተክለው ሲቆጥሩ፣ እኛም በዚያው ዘመን አንድ ሐይቅ ነበረን፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ። ልዩነቱ በጠጪው አይደለም። ሁለቱም ጋ ጠጪው ክፉ አልነበረም። እማዬ «ሽንኩርቱን የበላነው እኛው ነን» ያለችው ትክክል ነው፤ በዚያ ሽንኩርት ነው እኔም ያደግሁት። ሐረር ከሐረማያ ሐይቅ ስትጠጣ ኖራ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ሲደርቅም የጠጣው የተጠማ ሕዝብ ነው፤ ሐረማያ ላይ በቅርብ ዓመታት ውሃ መመለሱ ደግሞ ሐይቅ ዕድል ሲሰጠው እንደሚነሳ ያሳያል። የጎደለን ቆጥሮ የሚጽፍ፣ ጽፎ የሚከስ፣ የሚሟገት ሰው ነው። ሕግ አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው «በግሌ ተጎድቻለሁ» ማለት ሳያስፈልገው አካባቢን የሚጎዳን አቤት እንዲል፣ መልስ ካጣም ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ሰጥቷል። ይህን መብት ለፔሊካኑ የተጠቀመለት ሰው ስም እስካሁን ወደ ጆሮዬ አልደረሰም።

ማታ ስንመለስ እማዬ አልተኛችም። ትሬሲን አልፈን የዳብሊን መብራቶች ሲታዩ፣ «እነዚያ የሚሽከረከሩት ወፎች ዛሬ ሌሊት ቢነሱ መቼ ይደርሳሉ?» አለችኝ። ልነግራት አልቻልኩም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አልቪሶ ወሰድኳት፤ ሳን ሆዜ ዳር፣ የጨው ኩሬዎቹ አጠገብ። እዚያ ከ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ወዲህ የካሊፎርኒያ ጋል መፈልፈል ጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ለአሥራ ሁለት ዓመት በአጠገባቸው አልፌያለሁ። እማዬ አጥሩን ይዛ ቆጠረቻቸው፤ ሁለት መቶ አርባ ላይ ስትደርስ ተሳሳተችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።

በመስከረምም ሆነ በታኅሣሥ አገር ቤት የምትሄዱ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ሐዋሳ የምትወርዱ፣ አንድ ልመና አለኝ። ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ ላንጋኖ በግራችሁ ይቀራል፤ አብያታና ሻላ በቀኝ ናቸው። ከፍላችሁ ግቡ። ውሃው ዛሬ የት እንደደረሰ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት፤ የምታዩትን ወፍ ቁጠሩና ቁጥሩን አኑሩት። በሚቀጥለው ዓመት የሚሄደው ሰው ከዚያ ይቀጥላል።